አጎቴ ከፔንሲልቬንያ «የባሩድ መስፈሪያ ሥራልኝ» አለኝ፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ይርዳኝ

ቶርኖ ኮምቦልቻ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ቡሽ፣ ፒን፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የባጃጅ ዕቃ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ሰሞኑን ግን ያልለመድኩት ሥራ መጣብኝ።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ፔንሲልቬንያ ነው የሚኖረው። እዚያ አጋዘን ያድናል። የሚያድነው በዘመናዊ መሣሪያ እንዳይመስላችሁ። ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ በኩል በሚገባ፣ በባልጩት በሚተኮስ ጠመንጃ ነው። ስሰማ ሰውዬው አብዷል እንዴ ብዬ ነበር። ለካ እዚያ አገር ከፈረንጅ ገና በኋላ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ የተለየ የአደን ወቅት አላቸው።

ባለፈው ደወለና «አንተ ልጅ፣ ቶርኖ ላይ ነህ አይደል? እስቲ ከናስ የባሩድ መስፈሪያ ሥራልኝ፤ መቅጃም ይኑረው። ለበዓል የሚመጣ ሰው አለ፣ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል» አለኝ። ፎቶም ላከ። የጣት ያህል ቱቦ ነው። ከታች የሚወጣና የሚገባ ዘንግ አለው፣ ዘንጉ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። አናቱ ላይ ደግሞ ድሮ ላምባ ስንቀዳበት የነበረውን የመሰለ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ መቅጃ አለ። መቅጃው በአንዲት ብሎን ወደ ጎን ይዞራል።

ናስ ይሻላል ወይስ የበሬ ቀንድ? ቀንድ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ልኩ ከፍ ዝቅ የሚል ይሁን ወይስ አንድ ልክ ብቻ? መቅጃውስ ከመስፈሪያው ጋር ይያያዝ ወይስ ለብቻው ይሁን? ደግሞ «ሃምሳ ግሬን፣ ሃምሳ ግሬን» ይለኛል። እኔ ሃምሳ ቅንጣት መስሎኝ «ይህማ ተቆጥሮ ነዋ» ብለው፣ እስኪያስለው ሳቀብኝ።

—

የሆጤ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡58

ሃምሳ ቅንጣት ባሩድ ድመትም አያስነጥስ ሃሃሃ። የኔም ቅድመ አያት ውጅግራ ነበራቸው ይባላል። እሱም በአፉ ነበር የሚጎርሰው መሰለኝ። መልሱን እኔም እጠብቃለሁ።

—

ወሎዬ በኦሃዮ
ሰኞ፣ ማታ 5፡15

ወንድሜ፣ አብሽር፣ ሰው አግኝተሃል። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ መናፈሻ ነው። አሁን ኦሃዮ ነኝ። በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ማደን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እዚህም በጃንዋሪ ለሱ የተለየ ወቅት አለ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ግሬኑ። ግሬን የክብደት መለኪያ ነው። ስሙ ከእህል ቅንጣት ስለመጣ ያንተም ግምት ያን ያህል አያስቅም። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ነው። ሃምሳ ግሬን 3.24 ግራም አካባቢ ይሆናል። ነገር ግን ጥቁር ባሩድ ሜዳ ላይ በሚዛን አይለካም፣ በስፍር ነው። መስፈሪያው ላይ «50» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሃምሳ ግሬን ጥቁር ባሩድ የሚይዝ ቦታ ማለት ነው። በቃ፣ እንደ ጣሳ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው መስፈሪያ ለልክ ብቻ ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ፍም ሊቀር ይችላል። ጥይቱ ከሚጠቀለልበት ጨርቅ ወይም ከጥቀርሻው የተረፈ፣ ዓይን የማያየው ፍም። አንተ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ባሩድ የያዘውን ቀንድ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ ብትደፋ፣ ያ ፍም ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ እሳቱ ወደ ላይ ተመልሶ ቀንዱን እጅህ ላይ ያፈነዳዋል። ቦምብ ይዘሃል ማለት ነው። ስለዚህ ከቀንዱ ወደ መስፈሪያው፤ ቀንዱን ትከድናለህ፣ ዘወር ታደርጋለህ፤ ከዚያ ከመስፈሪያው ወደ አፈሙዙ። ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ የሚቃጠለው ሃምሳ ግሬን ነው። ስትቀዳም ፊትህን ከአፈሙዙ በላይ አታደርግም። መስፈሪያውን የምትይዘው ከጎኑ፣ በጣቶችህ ጫፍ ነው።

ናስ ወይስ ቀንድ ላልከው፣ ሁለቱም ይሆናል። ከብረት ግን አይሁን፣ ብልጭታ ያመጣል። ዘንጉን የምታጠብቀው ማሰሪያ ብሎን ራሷ ናስ ትሁን። የድሮ አዳኞች ከአጋዘን ቀንድ ጫፍ፣ ከአጥንት፣ ከሸምበቆ ነበር የሚሠሩት። አንድ ልክ ብቻ ነው የሚይዘው፣ በክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለጠመንጃው የሚስማማውን ልክ አንዴ ካገኘህ ከሱ የሚሻል የለም፤ የሚላላ የለው፣ የሚንሸራተት የለው። የሚስተካከለው ጥቅሙ ልኩን ገና ስትፈልግ ነው። በ50 ትጀምራለህ፣ 55 ታደርጋለህ፣ 60 ታደርጋለህ፣ የቱ ላይ ጥይቶቹ ተቀራርበው እንደሚያርፉ ታያለህ። የላይኛውን ወሰን ግን አንተም አጎትህም አትወስኑትም። የጠመንጃው ሠሪ መመሪያ ላይ የጻፈው ነው።

የተያያዘ መቅጃ በጣም እወዳለሁ። ወደ ጎን ታዞረዋለህ፣ ባሩድ ትሞላለህ፣ መልሰህ ስትዘጋው ከአፍ የተረፈውን ጠርጎ ይጥለዋል። ከዚያ እሱው መቅጃ ሆኖ ወደ አፈሙዙ ይገባል። ነፋስ ባለበት ቀን፣ እጅህ በብርድ ደንዝዞ፣ ለብቻው የሆነ መቅጃ ከኪስ ፈልጎ ማውጣት ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሁለቴ በረዶ ውስጥ ጥዬ ፈልጌአለሁ።

ለመሆኑ የአጎትህ ጠመንጃ ካሊበሩ፣ ማለትም የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት፣ ስንት ነው? የመቅጃው ጫፍ በሱ ነው የሚወሰነው።

—

ቶርኖ ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። «ሃምሳ ካሊበር» ብሎኛል።

—

ወሎዬ በኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡45

እንግዲያው ቀዳዳው 12.7 ሚሊ ነው። የመቅጃህ ጫፍ በውጭ በኩል ከ11 ሚሊ አይለፍ። ጋሼ አትበለኝ፣ ገና ነኝ።

—

የሰኞ ገበያዋ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05

ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም። ስለ ጣሳ ግን አውቃለሁ። እናቴ ደሴ ውስጥ ጤፍ ስትሸጥ ነው ያሳደገችን።

አንድ ጣሳ ጤፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀስ ብለሽ ካፈሰስሽው አየር ይይዛል፣ ይኮፈሳል፣ ቶሎ ይሞላል። ጣሳውን ሁለቴ መሬት ላይ መታ መታ ካደረግሽው ይሰምጣል፣ ሌላ እፍኝ ይገባበታል። ሲሸጡ የማይነካ፣ ሲገዙ የሚንቀጠቀጥ ጣሳ የሚይዙ ነጋዴዎች ነበሩ። እናቴ ግን ለሁሉም ሁለቴ ትመታና በእጇ ጠርጋ ትሰጣለች። ደንበኛዋ ያልራቀው ለዚያ ነው። ባሩዱም እንደዚያ አይሆንም?

—

ወሎዬ በኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

እህቴ፣ እኔ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን ነገር በአንድ አንቀጽ ጨረስሽው። ልክ እንደዚያ ነው። መስፈሪያውን አንዴ መትቶ አንዴ ሳይመታ የሚሞላ ሰው፣ ጥይቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይልበታል፤ ከዚያ ጠመንጃውን ይሰድባል። መምታትም አለመምታትም ይቻላል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን ብቻ። እኔ ጢም አድርጌ ከሞላሁ በኋላ ጎኑን በጣቴ ሦስቴ መታ መታ አደርጋለሁ፣ የጎደለውን እጨምራለሁ፣ መቅጃውን እዘጋለሁ። የእናትሽ ዘዴ ነው።

—

ፋርማሲስቷ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡52

ለቶርኖ ኮምቦልቻ፦ ቁጥሩን ዘንጉ ላይ ከመቅረጽህ በፊት በምን ልታረጋግጥ ነው? ባሩድ የለህም፣ ሊኖርህም አይገባም። ባለ 5 ሲሲ ስሪንጅ ከየትኛውም ፋርማሲ ግዛ። የጥቁር ባሩድ የስፍር ክብደት ከውሃ ብዙም የማይርቅ ከሆነ፣ ሃምሳ ግሬን ወደ 3.3 ሲሲ ይመጣል ማለት ነው። ዘንጉ በሚገባበት በኩል ቅባት ቀባ አድርግ፣ ውሃው እንዳያንጠባጥብ። ስትሞላ ውሃው አፉ ላይ ሆድ እንዳይሠራ በዓይንህ ትይዩ አድርገህ እየው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ መቅጃውን ፈነል ነው የምንለው፤ ላምባ ግን እኔም ቀድቻለሁ።

ኦሃዮ፣ ክብደቱ ላይ ተሳስቼ ከሆነ አርመኝ።

—

ወሎዬ በኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡10

አልተሳሳትሽም። እንደ ባሩዱ ዓይነት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ለመስፈሪያ ግን ይበቃል። የፋብሪካ መስፈሪያዎችም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። እኔ ሁለት አሉኝ፣ አንዱ 60 የሚለው ሌላኛው 63 ይለዋል። ለዚህ ነው መስፈሪያ የማልቀያይረው።

—

ባለ ሚዛን ፒያሳ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ይቅርታ፣ ይህን ሁሉ ከምታደርጉ የወርቅ ሚዛን አይሻልም? እኔ ጋ እስከ ግራም መቶኛ የሚለይ አለ። አንድ በአንድ መዝኖ በትንንሽ ብልቃጥ ይዞ መሄድ ነው።

—

ወሎዬ በኦሃዮ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡50

በትንንሽ ብልቃጥ ቀድሞ ሰፍሮ መያዙ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሁላችንም ለአደን ስንወጣ እንደዚያ እናደርጋለን። ድሮም በፈረንጅ 17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ወታደሮች አንድ አንድ ጉርሻ ባሩድ የያዙ የእንጨት ብልቃጦች ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የሚዘምቱት።

ሚዛኑ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው እውነተኛውን ጥቁር ባሩድ አይጠቀምም። ምትኩን ነው የሚገዛው፤ ፓይሮዴክስ፣ ትሪፕል ሰቨን የሚባሉትን። እነዚህ ከጥቁር ባሩድ ይቀላሉ። ሃምሳ ግሬን በሚዛን ከለካህ በስፍር ከሃምሳ በላይ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ጠመንጃውን ከሚገባው በላይ አጎረስከው። ስለዚህ ለነሱ በስፍር ብቻ ነው። ትሪፕል ሰቨን ደግሞ ኃይሉ ስለሚበልጥ በስፍርም ቢሆን ወደ 15 በመቶ ይቀነሳል። ሚዛን የሚጠቅመው መስፈሪያህን በእውነተኛ ጥቁር ባሩድ አንዴ ለመፈተን ነው።

ሌላ ከዚህ የባሰ አለ። ጭስ አልባውን፣ የዘመኑ ጥይት ውስጥ ያለውን ባሩድ በዚህ መስፈሪያ ሰፍሮ በአፈሙዝ የሚያስገባ ሰው ጠመንጃውን ያፈነዳዋል፤ ዓይንና ጣት ይዞ ይሄዳል። «ባሩድ ባሩድ ነው» የሚል ሰው ካያችሁ ራቁት። ጣሳው አንድ ቢሆንም ጤፍና በርበሬ አንድ አይደለም።

—

ዝም ብዬ አላልፍም
ረቡዕ፣ ማታ 4፡20

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ያየነውን አይተን፣ ቁጭ ብላችሁ ስለ ባሩድ ታወራላችሁ? እኛ ሽታው ራሱ ገና ከአፍንጫችን አልወጣም።

—

ቶርኖ ኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡41

ወንድሜ፣ አልፈርድብህም። እኔም ያን ጊዜ ሱቄን ዘግቼ የሄድኩበት መንገድ አለኝ። ይህ ግን የናስ ቱቦ ነው። አጎቴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከእጄ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ እምቢ ልለው አልቻልኩም።

—

አወያይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

ውይይቱ አይዘጋም፤ ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ባሩድ እንዴት እንደሚሠራ እዚህ አይጻፍም፣ ከተጻፈ ይነሳል። የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ መጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛና ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ከአያት የቀረ አሮጌ ጠመንጃ ቤቱ ያለ ሰው «ቅርስ ነው» ብሎ ዝም ከማለት ፖሊስ ይጠይቅ። እዚህ ገዢ አይፈለግም።

—

ጋሽ ጦሳ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡10

ልጆቼ፣ ደህና ዋላችሁ። እኔ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ነኝ። በስልክ መጻፍ ስለማይሆንልኝ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

የሆጤው ልጅ፣ ውጅግራ በአፉ አይጎርስም። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ ነው፣ በነሱ 1874 የወጣው፤ ስሙን አፋችን ላይ አለስልሰን ውጅግራ አልነው። በቀለህ ያለ ጥይት ከኋላው ነው የሚበላው። ለሱ መስፈሪያ አያስፈልገውም፤ ባሩዱ ፋብሪካ ተሰፍሮ ነው የመጣው።

በአፈሙዝ የሚጎርሰው ዘመን ያለቀው እዚሁ እኛ አገር፣ ወሎ ላይ ነው ብል ብዙ አልዋሽም። እንግሊዞች መቅደላ ሲመጡ ስናድር የሚባል ጠመንጃ ይዘው ነበር። ስናድር ራሱ ቀድሞ በአፉ የሚጎርስ ኢንፊልድ ነበር፤ ኋላውን ቆርጠው መክፈቻ አበጁለት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ የአጼ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከዚህ ጋር ተጋጠመ። የኛ ሰው ባሩድ ያፈሳል፣ እርሳሱን ያስገባል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል። እንዲህ እያደረገ በደቂቃ ሦስት ከተኮሰ እጁ የተፈታ ነው። ባለ ስናድሩ አሥር ያህል ይተኩሳል። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠው። ሴባስቶፖልም እዚያው መቅደላ ቀረ፤ እሱም ቢሆን ሰባት ቶን ይክበድ እንጂ በአፉ የሚጎርስ ነው።

መስፈሪያን በተመለከተ፣ አያቴ ቤት አንዲት ከጣት የማትበልጥ ሸምበቆ ነበረች፤ በአንድ በኩል ድፍን፣ በሌላው በኩል ክፍት። እኛ ልጆች ፉጨት እንነፋባት ነበር። አያቴ ተቆጥተው ነጠቁን፤ «ይህች ጎበዝና ሞኝ የምትለይ ናት» አሉ። ያኔ አልገባኝም። የኦሃዮውን ልጅ ጽሑፍ ሳስነብብ ነው ትዝ ያለችኝ። አሁን የት እንደገባች አላውቅም።

—

የሆጤ ልጅ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡30

ጋሽዬ፣ ታርሜአለሁ። ለዘመድ ሁሉ «የቅድመ አያቴ ውጅግራ በአፉ የሚጎርስ» እያልኩ ስንቱን አሳስቼአለሁ መሰላችሁ።

—

ዝምተኛው
ሐሙስ፣ ማታ 1፡15

አንድ ጥያቄ። ባሩዱን አስገብቶ ረስቶ ድጋሚ ቢያስገባስ? እኔ ሻይ ላይ ስኳር ሁለቴ የምጨምር ሰው ነኝ።

—

ወሎዬ በኦሃዮ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡40

ዝምተኛው፣ ከጥያቄ ሁሉ ጥያቄ ጠየቅክ። እኔ አድርጌዋለሁ። ተኩስ ሜዳ ላይ ከጎኔ ካለ ሰውዬ ጋር ስለ መኪና እያወራሁ ባሩድ ሰፈርኩ፣ አስገባሁ፤ ወሬው ሞቀ፤ እንደገና ሰፈርኩ፣ አስገባሁ። ጥይቱን ከላይ ጠቀጠቅኩ።

ያዳነኝ መጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ያለች ምልክት ናት። ልኩ ትክክል ሲሆን ዘንጉ ከአፈሙዙ ምን ያህል እንደሚወጣ አስቀድመህ ምልክት ታደርጋለህ። ያን ቀን ምልክቷ ከአፈሙዙ በላይ የሁለት ጣት ያህል ቀረች። ላብ አጠመቀኝ። አልተኮስኩም። በእሳት ቀዳዳው በኩል ውሃ አስገብቼ ባሩዱን አረጠብኩት፣ ከዚያ ጥይቱን በመሳቢያ ብሎን አወጣሁ፣ አፈሙዙን አጠብኩ። ምልክቷ የተገላቢጦሹንም ትነግርሃለች፤ ጥይቱ ባሩዱ ላይ ድፍን ብሎ ሳይቀመጥ መሐል ላይ ቆሞ ክፍተት ከቀረ ብረቱ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ባሩዱን ሳስገባ አላወራም። ሰው ቢጠራኝም አልመልስም። ሚስቴ «ሶላት ላይ ነው» ትላለች።

—

ቶርኖ ኮምቦልቻ
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡00

ሰዎች፣ የመጀመሪያው ተበላሸ፤ ሁለተኛው ግን እየሄደ ነው። ለሚሠራ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ዝርዝሩን ልጻፍ።

ቱቦውን በውስጥ 12 ሚሊ አደረግኩት። በዚህ ልክ ሃምሳ ግሬን 29 ሚሊ ጥልቀት ይሆናል፣ ለየአሥሩ ግሬን ደግሞ ወደ 5.8 ሚሊ ይደርሳል። ቁጥሩን በካሊፐር ለካሁ፣ በስሪንጅ ደግሞ አረጋገጥኩ። ፋርማሲስቷ፣ ቅባቱን ባትነግሪኝ ኖሮ ጠረጴዛዬ ይዋኝ ነበር።

ፍሰቱን የምሞክርበት ነገር ቸገረኝ። ጨው ሞከርኩ፣ ይይዛል። ከዚያ ኦሃዮን በውስጥ መስመር ስጠይቀው አጎቴ የሚጠቀምበት ባሩድ «ሁለት ኤፍ» የሚባለው እንደሆነ፣ ቅንጣቱም ከአንድ ሚሊ ወዲህና ወዲያ እንደሆነ ነገረኝ። ኤፉ በበዛ ቁጥር ባሩዱ ይደቅቃል አለኝ፤ ባለ አራት ኤፉ ለጠመንጃው ጎን ላለችው ለማቀጣጠያዋ ሳህን ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሲለኝ ሌላ ምን ይታየኝ? ነጭ ጤፍ! ከእናቴ ጓዳ አንድ ሲኒ ወሰድኩ።

ጤፉ ሁለት ጥፋቴን አጋለጠ። አንደኛ፣ መቅጃውና የቱቦው አፍ መካከል ክፍተት ትቼ ነበር። ሳዞረው ጤፉ እየገባ ነከሰ፣ መቅጃው አልዘጋ አለ። ሁለቱን ፊት እንደገና አስተካክዬ አጋጠምኩት። ሁለተኛ፣ ማሰሪያ ብሎን አላደረግኩለትም ነበር፤ ዘንጉ ጠበቅ ስላለ ይበቃል ብዬ። የሰኞ ገበያዋ እንዳለችው መታ መታ ሳደርገው ዘንጉ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ወረደ። ሃምሳ ላይ አድርጌ ስድሳ ላይ አገኘሁት። አሁን የናስ ብሎን ገብቶለታል።

እናቴ «ጤፍ በዚህ ዋጋ ለመጫወቻ?» ብላ ሲኒውን ቆጥራ ተቀበለችኝ።

—

የሰኞ ገበያዋ
እሑድ፣ ማታ 1፡05

እናትህ ትክክል ናት።

—

ወሎዬ በኦሃዮ
እሑድ፣ ማታ 5፡00

ድንቅ። የመቅጃውን አንገት ረዘም አድርገው፣ ሦስት ሳንቲ ቢሆን ጥሩ ነው። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ በጥቀርሻ ይረጥባል፤ አጭር መቅጃ ከሆነ ባሩዱ አፉ ላይ ይጣበቃል፣ ታች የሚደርሰው ይጎድላል። ውስጡን ደግሞ በደንብ አለስልሰው፣ የቶርኖ ጭረት ላይ ቅንጣት ይቆማል።

ለሚወስድለት ሰውም ንገረው፤ ዕቃው ባሩድ ነክቶት የማያውቅ አዲስ መሆኑ ጥሩ ነው። ያገለገለ መስፈሪያ አየር ማረፊያ ላይ ሲፈተሽ የባሩድ ርዝራዥ ይገኝበትና ሰውዬውን ጣጣ ውስጥ ይከተዋል። ባሩድ ራሱማ በእጅም በሻንጣም አይገባም።

—

ቶርኖ ኮምቦልቻ
ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡15

የቆየውን ውይይት ከሥር ስላወጣሁት ይቅርታ። መስፈሪያው ደርሷል።

አጎቴ ትናንት ማታ በቪዲዮ ደወለ። በጥቁር ባሩድ አምስት ጊዜ ሃምሳ ላይ ሰፍሮ በሚዛን አየው፤ ከ49 እስከ 51 ግሬን መጣ። «ከገዛሁት ይበልጣል» አለኝ፤ የዘመድ ምስጋና ስለሆነ ግማሹን ቀንሱለት። አንድ ቅሬታ አለው፤ ብሎኗ ትንሽ ስለሆነች በጓንት አትያዝም። የሚቀጥለውን ጥርስ ያለው ትልቅ ራስ አደርግለታለሁ።

ከዚያ ዝም አለና «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ይህን በምን ነበር የሞከርከው?» አለኝ። ለካ መጀመሪያ ሲከፍተው፣ መቅጃውን ሲያዞር፣ መዳፉ ላይ ሦስት ቅንጣት ጤፍ ወደቀ። ለልጆቹ አሳይቷቸው ወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

«ሦስት ግሬን» አልኩት። እኔም በተራዬ እስኪያስለኝ ሳቅኩ።

—

ባለ ሚዛን ፒያሳ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡00

እንኳን ደረሰ። ለቡና የሚሆን፣ ባለ መቅጃ፣ በዚሁ ልክ ብትሠራ ስንት ትላለህ?

—

ቶርኖ ኮምቦልቻ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡12

ናሱን አንተ ካመጣህ የእጄን ብቻ። በውስጥ መስመር እናውራ።